ምስማሩ ይዟል

እናንተም ያልሄዳችሁበት፣ እኔም ያልሄድኩበት፣ መንገዱን ግን ሁላችን የምናውቀው አንድ አገር ነበረ። ከፍ ያለ አገር ነው፤ ደመናው ከሰው ጉልበት በታች ይተኛል። ሰዎቹ ገብስ ያበቅላሉ፣ ከቃጫ ገመድ ይገምዳሉ፣ ሲነጋገሩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

በዚያ አገር ድባቴ የሚባል በሽታ ገባ። የያዘው ሰው አያስለውም፣ አያተኩሰውም፤ ጠዋት ከመደቡ መነሳት ያቅተዋል እንጂ። ምግብ ሲቀርብለት አፈር የቀረበለት ይመስለዋል። ልጁ አጠገቡ ስትስቅ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የመጣ ያህል ይርቀዋል። ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ፣ "በግዛቴ ያዘነ ሰው እንዳይገኝ" ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሰዎቹ ለምን እንዳዘኑ አልጠየቀም። ከዚያ አዋጅ ወዲህ "ለምን" ብሎ መጠየቅ ለሕፃናት ብቻ የተፈቀደ ሆነ፤ እነሱም የወተት ጥርሳቸው እስኪነቀል ድረስ ነው።

መድኃኒቱ ድንጋይ ነበር። ብረት የሚስብ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የሰው ራስ ያክላል። በገበያው ራስ ላይ ክብ ቤት ተሠርቶለት፣ ከወራጁ በጠፍር ተንጠልጥሏል። ታማሚው ከሥሩ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ከግራ ቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጣት ያህል ሳይነካው ይቆማል። ከዚያ ቀጥቃጩ በትንሽ መዶሻ ድንጋዩን አርባ ጊዜ ይመታል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እንዲህ እየተደረገ ሠላሳ ስድስት ማለዳ ያልፋል። የዳነ ሰውም አይተውም፤ በሽታው እንዳይመለስበት በየሳምንቱ ሐሙስ ዕድሜውን ሙሉ ይቀመጣል። ይህኛው "ማጽኛ" ይባላል።

የቤቱ የበላይ የደስታ አዛዥ ነው፤ መኩሪያው ይባላል። በካባው ጠርዝ ላይ ትናንሽ ቃጭሎች ስለተሰፉበት ከመድረሱ በፊት ይሰማል፤ ሰዎችም በዚያች መሃል ፊታቸውን ያስተካክላሉ። በድንጋዩ ጎን ላይ አንድ ምስማር ተለጥፏል። አዛዡ ማለዳ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ፣

"ምስማሩ አለ?" ይላል።

"አለ" ይላሉ የተሰለፉት።

"ይዟል?"

"ይዟል።"

ከዚህ በኋላ ሕጉ ይነበባል። ሕጉ አጭር ነው፤ ምስማሩ ከያዘ ድንጋዩ ሕያው ነው፤ ድንጋዩ ሕያው ከሆነ ያልዳነ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።

ማን እንደዳነና ማን እንዳልዳነ የሚያውቀው የከንፈር ለኪው ቢያድግልኝ ነበር። ቢያድግልኝ ክር ይዞ ይመጣና የሰውየውን ከንፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል። ከዚያ አሥር ጥያቄ ይጠይቃል። ከንፈሩ ከክሩ ቋጠሮ ያላነሰ፣ ጥያቄውንም የመለሰ ሰው "ደህና" ተብሎ ይጻፋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ገብሱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ታላቁ ልኬት አለ። በታላቁ ልኬት የወደቀ ሰው "እምቢተኛ" ይባላል። እምቢተኛ ማለት፣ ጤና ቀርቦለት አልፈልግም ያለ ማለት ነው። በድልድዩ ወደ ማዶ ይሸኛል፤ አይመለስም፤ ልጅ ይዞም አይሻገርም።

ከገበያው በታች ውድነሽ የምትባል ገመድ ገማጅ ትኖር ነበር። አትጠገብ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ውድነሽን ድባቴ የያዛት ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ቃጫው በር ላይ ተከምሮ ዝናብ አበሰበሰው፤ ልጅቷም ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ዘንድ እየበላች ሰነበተች።

መዋሸት አያስፈልግም፤ ያኔ ድንጋዩ ውድነሽን አድኗት ነበር። በሃያኛው ማለዳ ከድንጋዩ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣ "የማን ገብስ ነው እንዲህ ያማረው?" አለች። አትጠገብ ያንን ቀን አትረሳውም። ለእናቷ አንድ ነገር አምሮ ከታያት ስድስት ወር አልፎ ነበር። ሠላሳ ስድስቱ ሲያልቅ ቃጫውን ነክራ መግመድ ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ገመዷ ጠንካራ ሆነ፤ ነጋዴዎች "የውድነሽ ገመድ ላይ አህያው ይበጠሳል እንጂ ገመዱ አይበጠስም" ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ገመዱ ላላ።

ይህን ማንም አላየም። ቢያድግልኝ በየሐሙሱ ክሩን ያመጣል፣ ይለካል፣ "ደህና" ብሎ ይጽፋል። አትጠገብ ግን ሌሊት የተገመደውን ጠዋት በእጇ ስትጠቀልለው፣ ጠመዝማዛው ከጣቷ ሥር ሲፈታ ይሰማት ጀመር። መጀመሪያ ቃጫው ነው አለች። ከዚያ እርጥበቱ ነው አለች። አንድ ማለዳ ግን እናቷን ውሃ በሞላ ገንቦ ላይ አጎንብሳ አገኘቻት። ውድነሽ በሁለት ጣቶቿ የከንፈሮቿን ጫፎች ወደ ላይ ይዛ ውሃው ውስጥ ራሷን ታያለች።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ እማ?"

"ፊቴን እየታጠብኩ።"

"ውሃው እኮ አልተነካም።"

ውድነሽ ጣቶቿን አነሳች። ከንፈሮቿ ወደ ቦታቸው ወረዱ። "ሐሙስ ነው ዛሬ" አለች። "ከንፈሬ ወርዶ ነው ያደረው። ሳላለማምደው ብሄድ ክሩ ይተርፋል።"

"አልዳንሽም እንዴ? ለምን አትነግሪያቸውም?"

"የወተት ጥርስሽ ካለቀ ስንት ዓመቱ ነው፣ አንቺ ለምን ባይ?" ቀልድ ነበር፤ ግን ሳትስቅ ነው የቀለደችው። ከዚያ ድምፁ ከሆዷ እንጂ ከአፏ የወጣ በማይመስል አነጋገር፣ "ምስማሩ ይዟል፣ ልጄ። ድንጋዩ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ" አለች።

ለታላቁ ልኬት ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያው ልኬት እትዬ ብርቄ ወድቃለች። እሷም በየሐሙሱ "ደህና" እየተባለች የኖረች ሴት ናት። ሲሸኟት አትጠገብ ድልድዩ ድረስ ሄዳ ነበር። ብርቄ ድልድዩ መሃል እስክትደርስ ፈገግ ብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ የሚለካት ስለሌለ ተወችው።

የዚያን ሐሙስ አትጠገብ እናቷን ተከትላ ድንጋዩ ቤት ገባች። ሰው ፊት መናገር የማትወድ ልጅ ስለነበረች ሁልጊዜ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የምትቆመው። ከግድግዳው ጥግ ሆና ደግሞ ሌሎች የማያዩትን ጎን አየች። አዛዡ "ይዟል?" አለ፤ ሰዉ "ይዟል" አለ፤ እሷ ግን ዓይኗ ምስማሩ ላይ ቀረ። ከምስማሩ ራስ እስከ ጠፍሩ ድረስ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ድሩም አቧራ ጠጥቶ ወፍሯል፤ ምስማሩን ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያነሳው ሰው የለም ማለት ነው።

ሰዉ ከወጣ በኋላ የእናቷን ነጠላ ረስታ እንደወጣች አስመስላ ተመለሰች። ገመድ ማያያዣዋን ወስፌ ከመቀነቷ አውጥታ ወደ ድንጋዩ አስጠጋችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ድንጋዩ ብረት ከእጅ ነጥቆ እንደሚወስድ ሰምታለች። ወስፌው እጇ ላይ እንደነበረ ቀረ። ነካችው፤ ድንጋይን በወስፌ እንደመንካት ብቻ ነበር። ጎንበስ ብላ ምስማሩን አሸተተች። ማር ማር ይላል።

ቀጥቃጩ አያ ገላው ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠው መዶሻቸውን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ጆሯቸው በድንጋዩ ድምፅ ደንቁሯል። አትጠገብ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀመጠች።

"አያ ገላው፣ ድንጋዩን የሚመቱት ድሮም እንዲህ ነበር?"

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። "ምን አይተሽ ነው?"

"ሸረሪት።"

አያ ገላው መዶሻውን መወልወል አቆሙና፣ "እኔ ድንጋዩን ያመጣችውን ባልቴት አውቃታለሁ" አሉ። "ከጥቁሩ ኮረብታ በዘንቢል ይዛው መጣች። በአንድ እጇ ድንጋዩን ከታማሚው ግንባር ታስጠጋለች፣ በሌላው እጇ ደግሞ እንጨት ታንኳኳለች። ታማሚው እንዳያንቀላፋ፣ እሷም ቁጥሩን እንዳትስት ነበር። እንጨት ነው ያልኩሽ። ድንጋዩንማ እንደ እንቁላል ነበር የምትይዘው። 'ይህን የመታው ሰው ጉልበቱን ያፈሰዋል' ትል ነበር።"

"ታዲያ ድንጋዩን መምታት የተጀመረው በማን ነው?"

"እሷ ስትሞት አዛዡ መጣ። ድምፁን ሰምቷል እንጂ እጇን አላየም። እንጨት ማንኳኳት ለንጉሥ ቤት አይመጥንም፣ ድንጋዩን ምታ አለኝ። ነገርኩት እኮ። 'ገላው፣ አንተ መዶሻ ነህ፤ መዶሻ አይናገርም' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መዶሻ ሆንኩ።" ሽማግሌው ጨርቁን አጣጠፉ። "ምስማሩም በየማለዳው ይነሳና ይመለስ ነበር። አምና አንድ ጠዋት ስንመልሰው ወደቀ። ያን ዕለት አዛዡ ለንጉሡ 'በግዛትዎ ያዘነ ሰው አልቋል' ብሎ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ደብዳቤ የላከ ሰው ምን ያድርግ? ሰም አምጥቶ አጣበቀው። ከዚያ ወዲያ ምስማሩን ማንሳት ድንጋዩን ያደክመዋል ተባለ።"

"እትዬ ብርቄ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ አያ ገላው። "ስንት እንደሄዱ በጣቴ አውቀዋለሁ። እጄ ነው የመታው።"

አትጠገብ ቤት ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ውድነሽ እንደምትደሰት ነበር ያሰበችው። ውድነሽ ግን የያዘችውን ቃጫ ጣለችና የልጅቷን እጅ አፈፍ አደረገች።

"እንዳትነኪው። ሰምተሻል? ያ ድንጋይ ከሞተ እኔ በምን ልነሳ ነው? አሁን ቢያንስ ሐሙስ ሐሙስ የምሄድበት አለኝ።"

"ግን እማ፣ እየሠራ እኮ አይደለም።"

"ያውቁኛል፣ በርጩማው ያውቀኛል..." ውድነሽ አልጨረሰችውም። ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔ አይደለሁም ማለት ነው?" አለች።

"አይደለሽም።"

"ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም ነበር።"

አለቀሰች። ሐሙስ ሐሙስ የሚለካ ሰው፣ ቤቱ ውስጥም ቢሆን፣ እንባውን እየለካ ነው የሚያለቅሰው፤ ያን ቀን ግን ሳትለካ አለቀሰች። ቢሆንም ሲመሽ ልጇን፣ "ማይልኝ፣ ምስማሩን አልነካም በይ" አለቻት። አትጠገብ ዝም አለች። ዝም ማለት ልማዷ ስለነበረ ውድነሽ እሺ ያለቻት መሰላት።

የታላቁ ልኬት ቀን ደረሰ። ሰዉ ከድንጋዩ ቤት አልፎ እስከ ገበያው ፈሰሰ። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። አዛዥ መኩሪያው አዲስ ካባ ለብሶ መጣ፤ ቃጭሎቹ በዝተዋል። "ምስማሩ አለ?" "አለ።" "ይዟል?" "ይዟል።" ሕጉ ተነበበ። አያ ገላው መዶሻቸውን ያዙ።

ውድነሽ አራተኛ ነበረች። አርባው ምት አለቀ፤ ቢያድግልኝ ክሩን ዘረጋ።

"ፈገግ በይ፣ እህቴ። ትንሽ ወደ ግራ። ቋጠሮው ላይ ልትደርሺ ጥቂት ነው የቀረሽ።"

"ግራው አልወጣ አለኝ" አለች ውድነሽ።

"ሞክሪ እንጂ። የአምናዋ ሴትዮም ግራዋ ነው ያስቸገራት።"

ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ቋጠሮው ላይ ደረሰ። ጥያቄዎቹ ተጀመሩ። ትበያለሽ? እበላለሁ። ትተኛለሽ? እተኛለሁ። ጎረቤት ትጠይቂያለሽ? እጠይቃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኙ አለፈ። አሥረኛው፣ "ነገ እንዲነጋ ትፈልጊያለሽ?" የሚል ነበር። ሁሉም ሰው "እፈልጋለሁ" ብሎ ይወርዳል። ውድነሽ አፏን ከፈተች። ቃሉ የለም። ልጇን ግድግዳው ጋ ፈለገቻት፣ አየቻት፣ ለእሷ ስትል እንኳ ልትዋሽ ሞከረች።

"አላውቅም" አለች።

ቢያድግልኝ ወደ አዛዡ ዞረ። አዛዡ እንደ ማዘን ብሎ፣ ማዘን ክልክል ስለሆነ ግን ቶሎ ትቶ፣ "ምስማሩ ይዟል" አለ። "ስለዚህ እምቢተኛ ናት። ጻፍ።"

ቢያድግልኝ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

ያኔ ነው አትጠገብ ከግድግዳው የለቀቀችው። አልሮጠችም፤ ሰዉ ውሃ ልታቀብል የሄደች መስሎት መንገድ ለቀቀላት። እጇን ሰደደችና ምስማሩን ያዘች። ሳበችው። ሰሙ እንደ ንፍጥ ተዝለግልጎ ተከተላት፤ ሸረሪቷ በጠፍሩ ሽቅብ ሮጠች። አትጠገብ ምስማሩን በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ ሁሉም እያየ መልሳ ድንጋዩ ላይ አደረገችውና እጇን ለቀቀች።

ምስማሩ መሬት ላይ ወደቀ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በሚናገር አገር ሁሉም ሰው ሰማው።

አዛዥ መኩሪያው ምስማሩን ቁልቁል አየው። ሰዉም አዛዡን አየው። አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ድንጋዩ ሕያው ነው" አለ። "ምስማሩ ግን መያዝ አልፈለገም። ጻፍ፣ ቢያድግልኝ። ምስማሩ እምቢተኛ ነው። ወደ ማዶ ይሸኝ።"

ቢያድግልኝ የታዘዘውን የሚጽፍ ሰው ነውና ጻፈ። "ስሙ ማን ይባል?" ብሎም ጠየቀ።

መጀመሪያ የሳቀው ከበሩ አጠገብ የቆመ አህያ ነጂ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለችው ሴት ሳቀች። ሳቁ በሩን አልፎ ገበያው ድረስ ወረደ። ቢያድግልኝ ልማድ ሆኖበት ክሩን አንሥቶ የአህያ ነጂውን ከንፈር ለካ፤ ቋጠሮው ጉንጩ ላይ ሳይደርስ መሃል ላይ ቀረ። ክሩ አጭር ነበር። ሳቅ ለክቶ ስለማያውቅ ክሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

አያ ገላው መዶሻቸውን ከበርጩማው ሥር አስቀመጡ። "እንጨት ነበር" አሉ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሲናገሩ ማንም ሰምቷቸው በማያውቅ ድምፅ። "የምታንኳኳው እንጨት ነበር። ድንጋዩን እኔ ነኝ የገደልኩት።" ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ ቢላቸውን፣ ወስፌያቸውን፣ የቀበቷቸውን ዘለበት ድንጋዩ ላይ አስጠጉ። አንዱም አልያዘም። የውድነሽን ስም የሚጽፍ ሰው ያን ቀን አልተገኘም።

በማግስቱ አያ ገላው ሰባት ሰው አስከትለው ወደ ጥቁሩ ኮረብታ ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ድንጋይ በዘንቢል ይዘው መጡ፤ መንገድ ላይ የአንዱን ሰው ማጭድ ከወገቡ መንጭቆ ወስዶት ነበር። አዲሱ ድንጋይ ተሰቀለ፤ አያ ገላው ከጎኑ የወይራ ሳንቃ አቁመው እሱን ያንኳኳሉ። ድምፁ ያው ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሁሉም ዳነ ልበላችሁ ብል አታምኑኝም፤ አትመኑኝም። ከተቀመጡት ገሚሱ ተነሣ፣ ጥቂቱ ትንሽ ቀለለው፣ ጥቂቱን ድንጋዩ ምንም አላደረገለትም። ያልዳነው ሰው ግን ጥፋቱ የራሱ ነው የሚል አልተገኘም፤ ሕጉ የቆመው ምስማሩ ላይ ነበርና አብሮት ወደቀ። ውድነሽ ሃያ ስድስተኛው ማለዳ ላይ ቃጫ ነከረች። አትጠገብ ጠዋት ገመዱን ስትጠቀልል ጣቷ ሥር ጠበቅ ብሎ አገኘችው። ለማንም አልተናገረችም፤ በማግስቱም ፈተሸችው፣ በሳልስቱም።

እትዬ ብርቄም በድልድዩ ተመለሰች። እጇ ላይ ያ ምስማር ነበረ። "ይህን እምቢተኛ ማዶ ብቻውን ተጥሎ አገኘሁት" አለች። "ጎረቤት ሆነን ከረምን። ሰው አያስቸግርም።" ወደ አዲሱ ድንጋይ ሲያስጠጉት ከእጇ ዘሎ ተለጠፈ።

አዛዥ መኩሪያው ግን ከሹመቱ አልወረደም። እንጨት ማንኳኳትን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ለንጉሡ ደብዳቤ ልኳል፤ ካባው ላይም ከእንጨት የተሠራ ቃጭል ጨምሯል። አሁንም ማለዳ ማለዳ በሩ ላይ ይቆማል። አትጠገብ አሁንም ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፤ ወስፌዋ ከመቀነቷ አይለይም። ውድነሽ አንድ ቀን በርጩማው ላይ ሆና፣ "አሁንም አላመንሽውም፣ ልጄ?" ብትላት፣ "አምኜዋለሁ፣ እማ። ብቻ ቀድሜ አሸተዋለሁ" አለቻት።

እኔ ያገሩን ወሬ እስከዚህ ነው የማውቀው። ዛሬም አዛዡ "ምስማሩ አለ?" ይላል፤ ሰዉም "አለ" ይላል። "ይዟል?" ሲል ግን እንደ ድሮው የሚመልስለት የለም።

"አንሡት" ይሉታል።